በግ ፌስታል አይፈልግም

ጳጉሜን ሲገባ የአዲስ አበባ መንገድ ጭነቱን ይለውጣል። የቪትዝ የኋላ መስታወት ላይ የበግ አፍንጫ ተለጥፎ ይታያል። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ እግሩ የታሰረ ሙክት ከተማዋን እየቃኘ ያልፋል፤ ከታች ባለቤቱና ረዳቱ በሙክቱ ሂሳብ ይጨቃጨቃሉ። ዶሮ ቁልቁል ተንጠልጥላ፣ ቅቤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ እንቁላል በጭድ መሐል ተደርድሮ ወደ አማት፣ ወደ ክርስትና አባት፣ ወደ ታላቅ እህት ቤት ይጓዛል። ለዚህ ሁሉ ስጦታ ሪባን ያሰረለት የለም። በግ በገዛ እግሩ ነው የሚገባው፤ መምጣቱንም ለጎረቤት የሚያውጀው ራሱ ነው።

በዚያው መንገድ ዳር ካለው ስጦታ ቤት የምትወጣው ወጣት የያዘችው ሌላ ዓይነት ነው። የገዛችው አንድ የሻይ ኩባያ ነው፤ «መልካም አዲስ ዓመት» ተጽፎበታል። ኩባያው ስፖንጅ ውስጥ፣ ስፖንጁ ካርቶን ውስጥ፣ ካርቶኑ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ውስጥ፣ ወረቀቱ ባለ ገመድ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው ደግሞ ዝናብ እንዳይመታው ፌስታል ውስጥ ገብቷል። ተቀባዩ ኩባያው ዘንድ እስኪደርስ ሽንኩርት እንደሚልጥ ሰው መከራውን ያያል። ያ የሚያብረቀርቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወረቀት አይደለም፤ በስሱ አሉሚኒየም የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ለማጣራት ላብራቶሪ አያስፈልግም። በእጅ ጨምድዶ መልቀቅ ነው፤ እንደተጨማደደ ከቀረ ወረቀት ነው፣ እየተንኮሻኮሸ ተመልሶ ከተዘረጋ ፕላስቲክ ነው።

«አካባቢን የማይጎዳ ስጦታ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የሆቴል አዳራሽ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ባጅና የሻይ ዕረፍት ነው። ነገሩ ግን ከአዳራሹ በፊት የነበረ ነው። የጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ነቅለው ይጎነጉናሉ፣ በራሳቸውም በቤቱ ምሰሶም ያስራሉ። በቡሄ «ሆያ ሆዬ» ላለ ልጅ የሚሰጠው ሙልሙል ነበር። በፋሲካ ሰሞን ለወላጅ፣ ለአማትና ለክርስትና አባት የሚወሰደው አክፋይ ዳቦ ነው፣ ጠላ ነው፣ አረቄ ነው፣ የደላው ሲሆን በግ ነው። ይሄ ሁሉ ወይ ይበላል፣ ወይ ይጠጣል፣ ወይ ደርቆ አፈር ይሆናል። ስጦታውን በማግስቱ ማየት ነው እንግዲህ፤ በበዓሉ ቀንማ ሁሉም ያምራል።

ከማግስቱ ጣጣ ትልቁን ድርሻ የያዘችው ፌስታል ናት። እሷ ላይ ሕግ የወጣው ዛሬ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥና በተፈጥሮ የማይበሰብሱ የፕላስቲክ ከረጢቶች እንዳይመረቱም እንዳይገቡም ደንግጎ ነበር። አዋጁና ፌስታል ከዚያ በኋላ ለ18 ዓመታት በአንድ ከተማ ሰላም ሳይባባሉ ኖሩ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠበቅ ያለ አዲስ አዋጅ አጸደቀ፤ ፌስታል ይዞ የተገኘ ሰው ሳይቀር ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል የሚል። በዚህ ሂሳብ አንድ ኪሎ ሽንኩርት በፌስታል የያዘች እናት ከሽንኩርቱ ይልቅ ለፌስታሉ ጠባቂ መቅጠር ይኖርባታል።

ገበያው ግን የራሱ የአፈጻጸም መመሪያ አለው። ለበዓል ሽንኩርት የወጡ ባልቴት ሾላ ገበያ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ሊገጥማቸው ይችላል።

«ፌስታል የለም ማዘር፤ ተከልክሏል።»

«እና በምን ልያዘው ልጄ፣ በቀሚሴ?»

ልጁ ግራ ቀኙን ይቃኝና ከሚዛኑ ሥር አንዲት ጥቁር ፌስታል ይመዛል። «ለእርስዎ ብዬ ነው እሺ፣ ለማንም አይናገሩ።»

ባልቴቷ መርቀውት ይሄዳሉ። ፌስታል ራሷ የበዓል ስጦታ ሆነች ማለት ነው።

በፌስታል ምትክ ሱቆቹ የሚሸጡት ጨርቅ መሳይ ቦርሳ አለ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ነው፤ ሲነኩት ይሻክራል፤ ገዢውም ጨርቅ ይዤ ገባሁ ብሎ ኅሊናው ይረጋል። ያ ቦርሳ ግን በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ ፕላስቲክ ነው። እውነተኛው የጥጥ ቦርሳም ቢሆን ነጻ አይወጣም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት የጥጥ ቦርሳ አንዴ ተይዞ ከሚጣል ስስ ፌስታል የተሻለ የሚሆነው፣ በአየር ንብረት መለኪያ ብቻ ሲታይ፣ 131 ጊዜ ሲያዝ ነው። ፖሊፕሮፒሊኑ 11 ጊዜ ይበቃዋል። ከየዓውደ ጥናቱ «ምድራችንን እንጠብቅ» የሚል የጥጥ ቦርሳ እየተሰጠው ስምንቱን መሳቢያ ውስጥ ያከማቸ ባለሙያ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ገበያ መውጣት አለበት፤ ሰውየው ደግሞ ገበያ ወጥቶ አያውቅም፣ የምትወጣው ሚስቱ ናት፤ እሷ የምትይዘው ዘንቢል ነው። የ131ዱ ስሌት ፌስታልን አንዴ ተይዛ የምትጣል አድርጎ መውሰዱም የአዲስ አበባን እናት ካለማወቅ ነው። እዚህ ፌስታል ታጥባ ሽቦ ላይ ትሰጣለች፣ ታጥፋ ፍራሽ ሥር ትገባለች፣ ለሚቀጥለው በዓል ትወጣለች።

ዘንቢሉን ያየ ሰው ግን ስለ ስጦታ አንድ ነገር ይገባዋል። ከዘንባባ የተሠራ ነው፤ እጀታው ሲበጠስ በገመድ ይታሰራል፣ ገመዱ ሲያልቅ በሌላ ገመድ። ለአንዲት ሙሽራ ዘንቢል ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሞልቶ ቢሰጣት የስጦታ ቤቱን ሣጥን ሁሉ ያስንቃል። ችግሩ ማንም አይሰጣትም። ስጦታ ሲባል አብረቅራቂ ነገር ነዋ!

ከአብረቅራቂዎቹ ሁሉ ግን አንዱ ክብር ይገባዋል፤ ባለ ስድስት ብርጭቆ ካርቶን። ለሠርግም፣ ለልደትም፣ ለቤት ምርቃትም፣ ለእንቁጣጣሽም የማይሄድበት የለም። ይህ ካርቶን የሚኖረው ብርጭቆ ሆኖ አይደለም። የተቀበለችው ሴት አመስግና፣ ስማ፣ ሳትከፍት ቁም ሣጥን ላይ ታስቀምጠዋለች፤ የሚጠጣበት ብርጭቆ አላት፣ የማይጠጣበትም ቡፌ ሙሉ አላት። ጥቂት ወራት አርፎ ለባልደረባዋ ልጅ ልደት ይነሳል። ባልደረባዋ ለእህቷ የቤት ምርቃት ታሳልፈዋለች። እህቲቱ ለእድሯ ጸሐፊ ሚስት። እዚህ ጨዋታ ውስጥ ዋናው ችሎታ የሰጪውን ስም አለመርሳት ነው፤ ጠንቃቃዎቹ ካርቶኑ ሥር በእርሳስ ይጽፉታል፣ በጣም ጠንቃቃዎቹ ሲሰጡ ያጠፉታል። ማጥፋቱን የረሳች አንዲት ሴት ዞሮ በተመለሰላት ስጦታ ላይ የገዛ ስሟን በሦስተኛ ሰጪነት ብታገኘው ማንን ትቀየማለች?

ሰው በዚህ ያፍራል። ማፈር ያለበት አይመስልም። ብርጭቆ የሚሠራው አሸዋ፣ ሶዳ አሽና የኖራ ድንጋይ 1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ቀልጦ ነው፤ ለዚያ የሚነደው ነዳጅ ቀላል አይደለም። አምስት ቤት ዞሮ አምስት ሰው ያስደሰተ አንድ ካርቶን አራት ካርቶን ብርጭቆ እንዳይሠራ አድርጓል። ወረቀቱም የተገዛው አንዴ ብቻ ነው። ስብሰባ ሲጠራ ስለ ዘላቂነት ወረቀት ከሚያቀርቡት መሐል የዚህን ያህል ውጤት ያስመዘገበ መኖሩን ይህ ጸሐፊ ይጠራጠራል።

አበባ ላይ ስንመጣ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት። የባቱ፣ የሆለታ፣ የሰበታና የቢሾፍቱ ጽጌረዳ ተቆርጦ፣ ቀዝቅዞ፣ በአውሮፕላን ተጭኖ ኔዘርላንድ ይገባል። በሌላ በኩል ከቻይና የመጣ የፕላስቲክ ጽጌረዳ በጅቡቲ በኩል አድርጎ መርካቶ ይወርዳል። እውነተኛዋ ስትወጣ ሐሰተኛዋ ትገባለች። የፕላስቲኩን አበባ የተቀበለች እማወራ ቴሌቪዥኑ ጎን ታስቀምጠዋለች፤ አቧራ ይጠጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በኦሞ ይታጠባል። አበባ ነው ብለው የሰጧት የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ወጪ ነው።

ቄጠማም እጣው ይኸው ሆኗል። ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ ማለት ይቻላል ሰው ሠራሽ ሣር ተነጥፏል፤ ረከቦቱ ሥር፣ ጭሱ መሐል፣ አንዳንዴም ከከሰሉ የወደቀች ፍም ያቀለጠችው ጥቁር ቀዳዳ ይዞ። «ቄጠማ ለምን ተዋችሁ?» ሲባሉ «ይሄ አይጠወልግም» ይላሉ። አለመጠውለጉ እኮ ነው ችግሩ! ግን ደግሞ እውነተኛው ቄጠማ ከሰማይ አይወርድም፤ ከረግረግና ከውኃ ዳር የሚታጨድ ነው፤ ረግረጉ ደርቆ ኮንዶሚኒየም በቆመበት ከተማ ቄጠማ በየዓመቱ ከሩቅ መምጣቱ አይቀርም። ለማጣፈጫ ያህል አንዲት እፍኝ በሩ ላይ መበተን በቂ ነበር። ሰው ግን ሳሎኑን ሙሉ ካልሸፈነ በዓል የደረሰ አይመስለውም።

አደይ አበባ እስካሁን አላሳፈረችም። መስከረም ሲጠባ ሜዳውን ቢጫ ታለብሳለች፤ «አበባየሆሽ» የሚሉት ልጃገረዶች እቅፍ ሙሉ ይዘው ይመጣሉ፤ ስትደርቅ ደርቃ ትጣላለች፣ ፍየል ታገኛት እንደሆነም ሳትደርቅ። ወንዶቹ ልጆች የሚያመጡት ሥዕል ግን ዘመን አግኝቶታል። ድሮ እያንዳንዱ ወረቀት በእጅ የተሣለ ነበር፤ ፀሐይ፣ አበባ፣ ክንፉ ከአካሉ የሚበልጥ መልአክ፣ ሁሉም በከለር እርሳስ። አሁን አንዱ ልጅ አንድ መልአክ ይሥላል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ይወስደዋል፣ ሃምሳ ጥቁርና ነጭ መላእክት ይዞ ይወጣል። ለአካባቢ ግን ይሄም ደህና ነው፤ ወረቀት ነው፣ እሳት መለኮሻ ይሆናል። ደግሞም ተቀባዩ ከፍሎ የሚቀበለው ብቸኛው ስጦታ እሱ ነው።

የገና ዛፍ ሌላ ታሪክ አለው። ድሮ ጽድ ይቆረጥ ነበር፤ ጽድ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ የደጋው ደን የጀርባ አጥንት የነበረ የአገር ዛፍ ነው፤ ለሁለት ሳምንት መብራት ማንጠልጠያ መሆኑ ያሳዝናል። የዛሬው ፕላስቲክ ነው። ካርቦን ትረስት የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ሰው ሠራሽ ዛፍ ለመሥራት ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ካርቦን እንደሚለቀቅና ዛፉ ወጪውን ለመመለስ ቢያንስ አሥር ገና ማገልገል እንዳለበት አስልቷል። አውሮፓውያን አሥር ገና ሲባሉ ይደነግጡ ይሆናል። የአዲስ አበባ ቤተሰብ አይደነግጥም። የፕላስቲኩ ዛፍ በታኅሣሥ መጨረሻ ከቁም ሣጥን ላይ ይወርዳል፣ ጥምቀት ሲያልፍ በዚያው በተገዛበት ካርቶን ተመልሶ ይወጣል፤ ትልቁ ልጅ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ፣ ቅርንጫፎቹ እስኪመለጡ፣ ኮከቡ በስኮች እስኪጣበቅ ድረስ ይኖራል። እንደ ጥጥ የሚወርድ በረዶ በማያውቅ ከተማ በረዶ ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ የሚለጠፈው ጥጥም በሚቀጥለው ዓመት ለቀን ተቀን ቁስል እያነሰ እያነሰ ይሄዳል።

ወደ በጉ እንመለስ፣ ብዙ ተሞግሷልና። መጠቅለያ የለውም፣ እውነት ነው። ነገር ግን በግ ሲያመሰኳ ሜቴን ያወጣል፤ ሜቴን ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የከፋ ጋዝ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቆዳው ነው። ቀድሞ በበዓል ቀን እኩለ ቀን ሳይሞላ ቆዳ ገዢው በር ላይ ይደርስ ነበር፤ እናቶች በጠዋት ዋጋ ቆርጠው ይጠብቁታል፤ ገንዘቡም ለቡናና ለስኳር ይሆን ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የጥሬ ቆዳ ዋጋ ወድቆ ገዢው ቀርቷል። ስለዚህ ቆዳው በየቦዩና በየመንገዱ ዳር ይጣላል፤ ማግስቱ ላይ ከተማው ይሸታል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨው ካልነካው ይበላሻልና በኋላ ላንሳው ማለት አይሠራም። በግ ይዞ አማቶቹ ቤት የሚሄድ ሰው ጥቂት ኪሎ ጨው አብሮ ቢይዝ ከአበባ እቅፍ የበለጠ ቁም ነገር ሠራ። ቆዳውን የሚያለፋ ሰው ከተገኘ ደግሞ ለሽማግሌ አባት አጎዛ ይወጣዋል፤ በአንድ በግ ሁለት ስጦታ።

የሚጣለው ነገር የት እንደሚሄድ ማሰብ በዚህ ከተማ ቀልድ አይደለም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ረጲ ያለው የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ ከክምሩ ሥር በሠሩት ቤት የሚኖሩ ነበሩ።

ቶሎ ከማይጣሉት ስጦታዎች አንዱ ጋቢ ነው። ለአባት መስጠቱ አሮጌ ነው፣ የተለመደ ነው፤ ቢሆንም የሚበልጠው ገና አልተገኘም። ደህና ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ጥጡ ተፈልቅቆ፣ ተነድፎ ባዘቶ ሆኖ፣ በእንዝርት ተፈትሎ፣ ከዚያ የዶርዜ ሸማኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ የሚሠራው ነው። ለዚህ ሁሉ የመብራት ቆጣሪ አልቆጠረም። የሚኖረውም ዕድሜ ጉድ ነው። ጋቢው አዲስ ሳለ ለለቅሶና ለቤተ ክርስቲያን ይለበሳል፤ ሲለሰልስ አልጋ ላይ ይወርዳል፤ የልጅ ልጅ ሲወለድ ማዘያ ይሆናል፤ ሲሳሳ ለጠላ ማጥለያ ይቆረጣል፤ በመጨረሻ የምጣድ ማሰሻ ሆኖ ጥቁር እስኪመስል ያገለግላል። ጥጡ ራሱ ግን ቅዱስ አይደለም፤ በአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች የሚበቅለው ብዙ ውኃና ፀረ ተባይ የሚፈልግ ነው። ለሃያ ዓመት የሚለበስ ነገር ግን ዕዳውን ይከፍላል።

ሽሮ ሜዳ የሚሄድ ገዢ ሊጠነቀቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ፈትል የሚባለው በእጅ የተፈተለው ነው፤ መነን የሚባለው የፋብሪካ ክር ነው፤ ከሁለቱ ጎን ደግሞ ከውጭ በማሽን ታትሞ የመጣ፣ ጥለቱ የተሸመነ ሳይሆን በቀለም የተሣለ ሐበሻ መሳይ ልብስ ተደርድሯል፤ አብዛኛው ፖሊስተር ነው። የድሮ ሰዎች የሚያውቁት መፈተኛ አለ። ከጠርዙ አንዲት ክር መዝዞ በክብሪት መለኮስ ነው። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል፤ ሰው ሠራሽ ከሆነ እየተኮማተረ ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ክብሪት ይዞ ሱቅ ውስጥ መግባት ግን ድፍረት ይጠይቃል።

«ኧረ ልጄ፣ ሱቁን ልታነድብኝ ነው?»

«አይ እትዬ፣ ክሩን ብቻ ነው የማየው።»

«ክሩማ ብቻውን አይነድም፣ ከነሱቁ ነው!»

ክርክሩ ያልቅና ባለሱቋ ራሷ ከጀርባ ሌላ ጋቢ ታወጣለች፤ «እውነተኛውን ከፈለግክ መጀመሪያ አትለኝም ነበር?» እያለች። ዋጋውም እውነተኛ ነው።

ከዋሽንግተንና ከአካባቢዋ የሚመጡት ዘመዶች ስጦታ በሚዛን ነው፤ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ሻንጣው ሲከፈት ቸኮሌት፣ ቅባት፣ ቫይታሚን፣ ለማን እንደሆነ ያልታወቀ ትልቅ ቁጥር ያለው ቲሸርት ይፈስሳል። ቲሸርቱ ጥቂት ወራት ኖሮ አንድ ጠዋት በሰፈሩ «ልዋጭ! ልዋጭ!» ሲባል ይሰጥና በምትኩ አንድ የላስቲክ ሳፋ ይገባል። ልዋጭ ያለው ልጅ ልብሱን ገበያ ያወጣዋል፤ አንድ የማይታወቅ ሰው አንገት ላይ ኑሮውን ይቀጥላል። ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ የፍቅር ስጦታ ሳፋ ሆኖ ልብስ ሲታጠብበት ዘመዱ ስልክ ደውሎ «ልኩ ሆነ ወይ?» ይላል። «ልክክ ነው ያለው!» ይባላል። ተመላሹ ሻንጣ በበርበሬ፣ በሽሮ፣ በድርቆሽና በጋቢ ተሞልቶ ሲሄድ ግን አንዲት ግራም የምትባክን የለችም።

ያረጀ ነገርን ስጦታ ማድረግ ነውር የሚመስለው ሰው ምናለሽ ተራን አንድ ጊዜ ቢዞር ጥሩ ነው። በርሜሉ ምድጃ፣ ቆርቆሮው ማንቆርቆሪያ፣ ጎማው ጫማ የሚሆንበት ሰፈር ነው። በረባሶ የድሃ ጫማ ተብሎ ሲናቅ ኖሮ፣ ቤተልሔም ጥላሁን በዘነበወርቅ ሰፈር የመሠረተችው ሶል ሬብልስ ያንኑ የአሮጌ ጎማ ሶል ከእጅ ፈትል ጋር አዛምዶ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገዢ ሸጦታል። ባሕር ማዶ ሲደርስ ንቀቱ ቀረ፣ ዋጋውም ጨመረ።

የመሥሪያ ቤት ስጦታ ካላንደርና አጀንዳ ነው። ከሦስት ባንክ፣ ከሁለት ኢንሹራንስና ከአንድ የሲሚንቶ አስመጪ ካላንደር ያገኘ ሰው ግድግዳ ይጠበዋል። ደግነቱ ካላንደር ሁለተኛ ሕይወት አለው፤ ዓመቱ በሚያልቅበት ሰሞን ትምህርት ቤት ይከፈታልና ወፍራሙ አንጸባራቂ ወረቀት የልጆች ደብተር መለበጃ ይሆናል። የሒሳብ ደብተሩ የባንኩን ሕንፃ፣ የአማርኛው ደብተር ላሊበላን ለብሶ ይሄዳል። አጀንዳው የመጀመሪያዎቹ አምስት ገጾች ላይ የዓመቱ ዕቅድ ይሰፍርበታል፤ የተቀረው ለሱቅ ዱቤ መመዝገቢያ ያገለግላል።

ችግኝ መስጠትም ፋሽን ሆኗል፤ በተለይ አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሁለት ነገር ግን ይነሳበታል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ችግኝ ጥቁር ላስቲክ ለብሶ ነው የሚመጣው። ሁለተኛ፣ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ክረምቱ እያበቃ ነው፤ መስከረም ላይ የተሰጠ ችግኝ እስከ በልግ ድረስ ውኃ አቅራቢ ይፈልጋል፣ ቧንቧዋ በሳምንት ሁለት ቀን በምትመጣበት ቤት ደግሞ መጀመሪያ የሚጠጣው ሰው ነው። ሰጪው ቡሄ ላይ ቢያስብበት ይሻል ነበር። ለኮንዶሚኒየም በረንዳ ጤና አዳም ወይም በሶብላ ጥሩ ነው፤ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን በቢላ ለሁለት ተቆርጦ ሥሩ በሚስማር ይበሳና ይተከላል፤ የጤና አዳሙ ቅንጣቢ በዚያው ሳምንት ቡና ውስጥ ይገባል።

በዚህ ሁሉ ምክር ተነክሮ ባለፈው ቡሄ ለአማቱ የጌሾ ችግኝ የወሰደ አንድ የከተማ ልጅ ነበር። ጀሪካኑን ራሱ ቆርጦ፣ ጠርዙን በሻማ አለስልሶ። አማቱ ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዘው አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ምንድነው ልጄ?»

«ጌሾ ነው እማማ። ለአካባቢ ጥሩ ነው።»

«ጌሾነቱንማ አየሁ። ለጠላ የሚደርሰው መቼ ነው?»

«ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ፣ ከተንከባከቡት።»

«እሰይ፣ ዕድሜ ይስጠን» አሉና በረንዳው ጥግ፣ ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ አስቀመጡት። ተመልሰው ተቀመጡ። «እንግዲህ እሱ እስኪደርስ፣ ለእንቁጣጣሽ አንድ ሳጥን ቢራ ይዘህ ና። ስለ አካባቢው አታስብ፤ ባዶ ጠርሙሱን ከነሳጥኑ እኔ አስመልሳለሁ፣ መያዣውንም እኔ እቀበላለሁ።»